ሞተሩን አትንቀሉት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተመላለሰ ሰው አሮጌ ላንድክሩዘር ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምቶ ያውቃል። ከኋላው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ማርሹ አንድ ይወርዳል፣ ሁለት ይወርዳል፤ ከዚያም ቀጥ ይላል። ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ከጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል። በዚህን ጊዜ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ይኼ ሞተር ሞቷል። ነቅላችሁ ጣሉትና ናፍጣ ግጠሙበት።» ሌላው ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ፍርዱም በዚያው ይጸናል።

እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ለማለት ነው።

የምከራከርለት መኪና ኤፍጄ 40 የሚባለው ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሲያመርተው ኖሯል። ኮፈኑ ሲከፈት ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት የቤንዚን ሞተር ይታያል፤ በመጀመሪያ ኤፍ የተሰኘው 3.9 ሊትሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ደግሞ 2ኤፍ የተሰኘው 4.2 ሊትሩ። የእኛ ቤት መኪና የያዘው ሁለተኛውን ነው። ፋብሪካው በደቂቃ 3,600 ዙር ሲደርስ 135 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ብሎ ጽፎለታል።

መኪናው አባታችን ትተውልን ካለፉት ንብረት አንዱ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወንድሞቼ ተሰብስበው ሞተሩን ለብረት ገዢ ሊሸጡ፣ በምትኩም ያገለገለ ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ሊያስገቡ ቆረጡ። ስቃወም ታላቅ ወንድሜ ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ገጣሚ ነህ፤ ያሳዝንሃል» አለኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ቃል ነው። በእርሱ ሚዛን አሮጌ ነገር ይዳን ብሎ የሚከራከር ሰው ሐዘንተኛ እንጂ ምክንያተኛ ሊሆን አይችልም። እኔ ግን ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝና፣ እንግዲያው በቁጥር እንነጋገር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚኖረው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ እንደ እኛው አየር ይተነፍሳል። አየሩ በሩብ ሲጎድልበት ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይጎድላል፤ 135 የተባለው ፈረስ እዚህ ሲደርስ 100 ያህል ይቀራል ማለት ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የተራራው ድርሻ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ካርቡራቶሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለወፍራም አየር በተመጠነችው ቀዳዳ ቤንዚኑን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ድብልቁም በዚህ ከፍታ ከአሥር በመቶ በላይ በቤንዚን ይወፍራል። ጥቁሩ ጭስ፣ የካንዴላው ጥላሸት፣ ያ የመታፈን ድምፅ ምንጫቸው ይኸው ነው። ሞተራችንን ያዩልን አንድ አዛውንት መካኒክ ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘግተውታል፦ «ልጄ፣ ይኼ አልታመመም፤ ደጋ ተቀምጦ የቆላ ቀለብ እየበላ ነው።»

የጥንቱ ነጋዴ ይህን ያውቅ ነበር። ከታጁራ የመጣውን ጭነት በግመል አንኮበር ላይ አላወጣም፤ አልዩ አምባ ላይ አራግፎ በበቅሎና በአህያ ይጭን ነበር። ግመሉ ዳገቱን ስላልቻለ «ሞቷል» አላለውም፤ አረደውም አላልሰማንም። ለደጋው የደጋውን መላ ፈለገ እንጂ።

ወንድሞቼ እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ያሠራሁት እነሆ። በመጀመሪያ የስድስቱም ሲሊንደሮች ግፊት ተለካ፤ ሁሉም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። «ሞቷል» የተባለው ሞተር በሕይወት መኖሩ የተረጋገጠው በዚህች የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፍርዱን የሰጡት ሰዎች አንዳቸውም አስቀድመው አላስለኩትም ነበር። ቀጥሎ ሞተሩ እንደ ሞቀ የቫልቮላዎቹ ክፍተት ተስተካከለ፤ የመግቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር። የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ተተካች። በየጊዜው የሚበላው ፑንቲና ወጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገባ። ፋብሪካው ብልጭታው ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ 7 ዲግሪ አስቀድሞ እንዲነሣ አዟል፤ በሳሳ አየር ነዳጁ ዘግይቶ ስለሚነድ ጥቂት ዲግሪ ይበልጥ እንዲቀድም ተደረገ። ጭስ ማውጫው በመጠኑ ሰፋ፤ ማርሚታው ግን በቦታው ቀረ።

ስለ ቴርሞስታት ለብቻው ልናገር። ሞተር ይግላል በሚል ፍርሃት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ እንደ ብልኀት ይቆጠራል። የእኛም ተጥሎ ኖሯል። በደብረ ብርሃን ብርድ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱን ለማግኘት ብዙ መንገድ ይፈጃል፤ ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ይወርዳል፤ ግድግዳውም ይበላል። ከዓመታት በኋላ «አረጀ» የምንለው እኛው ያስረጀነውን ነው። መጋል የሚያስፈራው ሰው የራዲያተሩን ክዳን ይመርምር፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይይዝ ክዳን ነው ውሃውን የሚያፈላው።

አሁን በሌላው ወገን ወዳሉት ልዙር። ማሻሻል የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው የሚበራ ጎረምሶች አሉ። ማርሚታው ይቆረጥ፣ የአየር ማጣሪያው ይውጣ፣ ትልቅ ካርቡራቶር ይግባ ይላሉ። ጩኸት ጉልበት አይደለም። ማጣሪያ የሌለው ሞተር የገጠር መንገድ አቧራ ሲውጥ ውሎ ቢያድር ፒስቶኑና ሲሊንደሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፋጫሉ። 2ኤፍ ቀድሞውንም ለፍጥነት አልተሠራም፤ ጸጋው በዝቅተኛ ዙር መጎተት ነው። የሯጭ ጫማ ለገበሬ በሬ አይደረግም።

ማሻሻያው መለስተኛ መሆን ያለበት በሌላም ምክንያት ነው። የእኛ መንገድ ሜዳ አይደለም። ጠዋት ከደብረ ብርሃን የተነሣ መኪና በአንኮበርና በአልዩ አምባ አድርጎ ወደ አዋሽ ቢወርድ፣ በዚያው ቀን 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለው ወፍራም አየር ይገባል። ለደጋ ብቻ ተብሎ ድብልቁ እጅግ የሳሳ፣ ብልጭታው እጅግ የቀደመ ሞተር በቆላው ሙቀት ይንኳኳል፤ መንኳኳት ደግሞ ፒስቶን ይበሳል። ሌላ ጊዜ ቴስታታው ሲወርድ ጥቂት አስልጦ ከ7.8 ወደ 8.3 ገደማ የእመቃ መጠን ማሳደግ ይቻላል፤ ትርፉ ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ የሚመኝ ሰው ቆላውን የረሳ ሰው ነው።

ሦስተኛዎቹ ተከራካሪዎቼ ከሁሉም የተከበሩ ናቸው፤ «ከፋብሪካው እንደ ወጣ ይቆይ፤ መንካት ድፍረት ነው» ይላሉ። ፍቅራቸው ይገባኛል። ነገር ግን የፋብሪካው ልኬት ለዝቅተኛ አገር የተሰጠ ልኬት ነው፤ ያንን ደጋ ላይ ሳይነኩ ማቆየት ቃሉን ጠብቆ ፍሬውን መሳት ይሆናል። ግጥም የምንጽፍ ሰዎች የወል ቤትን እናውቃለን፤ ስንኙ 12 ቀለም አለው፣ በስድስተኛው ላይ ያርፋል። አንድ ቀለም ስትተርፍ ቃሏን እናስተካክላለን፤ ቤቱን አናፈርስም፣ የተረፈችውንም ቀለም እንደ ቅርስ አናስቀምጥም። ይህም ሞተር ቤት ያለው ነገር ነው። በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ እኩል እየተቀባበለ ይነድዳል፤ በአንድ ረድፍ የቆሙት ስድስቱ ፒስቶኖች አንዱ የሌላውን ንዝረት ይሽራል። ቀርቶብን የነበረው ይህን ምት መስማት እንጂ ምቱ ራሱ አልነበረም።

ስለ ናፍጣ እውነቱን መሸሸግ አልፈልግም። ተርቦ ያለው ናፍጣ የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ደጋን ይችላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። መኪናውን በየቀኑ ለእንጀራው የሚነዳ ሰው ቢለውጥ አልፈርድበትም። የእኛ መኪና ግን በወር 300 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። 2ኤፍ በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል፤ 60 ሊትር ይጠጣል። ለናፍጣው አድልተን በሊትር 10 እንስጠው፤ 30 ሊትር። ቁጠባው በዓመት 360 ሊትር ነው። ለሞተሩ፣ ለመግጠሚያው፣ ለማርሽ ሳጥኑ ማስማሚያ የተጠየቅነው ገንዘብ የዚህን ቁጠባ አሥር ዓመት ገደማ ይበላል። በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥ ቦሎ ከመውሰድ በፊት ሌላ ደጅ ጥናት አለ። እኔ ያሠራሁት ሥራ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ገንዘብ አንድ አሥረኛ አልሞላም።

ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የክልከላውን ጥቅም ሌሎች ይከራከሩበት። ለእኔ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ነቅለን ለብረት ገዢ የምንሸጠው ስድስት ሲሊንደር ነገ የሚተካው የለም።

ከጥምቀት በፊት ስድስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዘን ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ወጣን። መኪናው አልበረረም። እንደ አዲስም አልሆነም። ነገር ግን ታኮ የሚደረግበት ዳገት ላይ ማንም አልወረደም፤ ከኋላችንም ጥቁር ጭስ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ዛሬም ናፍጣ ይሻላል ባይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን አንኮበር ስንደርስ አንድም ቃል ሳይናገር እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ጠየቀኝ፤ ወደ ደብረ ብርሃን የመለሰን እርሱ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት ስትሰሙ ለፍርድ አትቸኩሉ። ይህን አገር እንዲችል አስተካክሎት የሚያውቅ ሰው ነበረ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመንቀላችሁም በፊት ግፊቱን አስለኩ።