ዋግ የማይመታው አዝመራ

አርሲ፣ ጢቾ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ጀርባ በምስማር የተንጠለጠለ፣ ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አለ። ከገጾቹ በአንዱ ራስጌ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አዳዳ አሜሪካ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ 2 ኪሎ ስኳር፣ 1 ሊትር ዘይት፣ የልብስ ሳሙና፣ ሻማ ይላል፤ በየጎናቸው ዋጋቸው። አዳዳ አሜሪካ አክስቴ ናት። 28 ዓመት አሜሪካ ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ ወደ ትውልድ ከተማዋ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ነው ስሟ እዚያ ደብተር ላይ የሰፈረው። በእጇ የነበረው ብር አልቆ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ፣ ዕቃውን መልሳ ልትወጣ ስትል ባለሱቁ «ይውሰዱት አዳዳ፣ ሲመችዎ ይሰጡኛል» አላት። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ አዳዳ የአባት እህት ናት። ባለሱቁ ሥጋ ዘመዷ አይደለም፤ የአያቱን ጎረቤት ልጅ ግን ሌላ ምን ብሎ ይጥራት?

በዚያው ሳምንት፣ ለ19 ዓመት አንድም ወር ሳታዛንፍ የከፈለችበት የአሜሪካ ክሬዲት ካርዷ ተዘጋባት።

ያስዘጋባት እውነቱን መናገሯ ነው። ደውላ «ከእንግዲህ የምኖረው ኢትዮጵያ ነው፣ አድራሻዬን ቀይሩልኝ» አለች። አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ አድራሻ ከሌላት ካርዱ እንደማይቀጥል ነገሯት። እስኪ የጢቾውን አድራሻ ልስጣችሁ ብላ ሞከረች። የመንገድ ስም ተጠየቀች፤ የለም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጠች፤ ፖስታ ሣጥን መኖሪያ አይደለም ተባለች። የከተማዋን ስም ፊደል በፊደል ስትቆጥርላቸው፣ ከወዲያ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ ያገኘችው ጢጆን ነው። ጢቾና ጢጆ ለእኛ ለየቅል ናቸው፤ ጢጆ በሳጉሬ በኩል፣ ጢቾ ደግሞ የድሮው አውራጃችን መዲና። ለእሷ የአንድ ፊደል ግድፈት ናቸው።

ይህ የአክስቴ ብቻ ዕጣ ቢሆን ኖሮ በቤተሰብ ወግ ይቀር ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከአገር የወጣው ትውልድ አሁን ጡረታ እየወጣ ነው። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የታክሲ ሥራ ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው፣ 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ከከፈለ ጡረታው ይከበርለታል። ያ ጡረታ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ አያኖርም። ጢቾ፣ ሮቤ፣ በቆጂ ወይም አሰላ ላይ ግን ያኖራል፤ ቤተሰብም ይደጉማል። ስለዚህ ይመለሳሉ። ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ነገር ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግራቸውም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ የወጣው ሕግና በ2003 የተከተለው ደንብ፣ ባንኮች ሒሳብ ከመክፈታቸው በፊት የደንበኛውን ስም፣ የልደት ቀን፣ የመኖሪያ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር እንዲይዙ ያስገድዳል። አድራሻው የግድ አሜሪካ ውስጥ ይሁን አይልም። ይህን የሚሉት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ዕዳውን ቢክድ ማን ይከሰሳል፣ ደብዳቤስ የት ይላካል፣ ቁጥጥሩስ ስንት ያስወጣል ብለው አስልተው በሩን መዝጋቱን ይመርጣሉ። አክስቴ 19 ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው የብድር ታሪክም አብሯት አይመጣም። አሜሪካኖች የሰውን የብድር አመል ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይለኩታል። የአክስቴ ነጥብ ከ800 በላይ ነበር። አትላንቲክን ሲሻገር ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ክሬዲት ካርድ ለምን አስፈለጋት የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጢቾ ላይ ካርድ የሚጭር ሱቅ የለም፤ ጡረታዋም በየወሩ ይገባል። እውነት ነው። ነገር ግን ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግን ሕክምና አይከፍልም። አንድ ሌሊት ደረቷን ቢወጋት፣ በመኪና አሰላ፣ ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፣ የግል ሆስፒታል በር ላይ ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚጠብቃት። የልጅ ልጇ ሠርግ ላይ ለመድረስ የአውሮፕላን ትኬት፣ እዚያ ስትደርስ የሆቴል መያዣ፣ ሁሉም ካርድ ይላል። የጡረታው ብር በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ችግር ቀጠሮ አይዝም። ክሬዲት ካርድ ማለት በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ ናት። አገራችን ካርድ ሁሉ «ኤቲኤም» ስለሚባል ልዩነቱ ይጠፋናል። ኤቲኤም ያስቀመጥከውን ያወጣልሃል። ክሬዲት ካርድ ያላስቀመጥከውን አምኖ ያበድርሃል። ባለሱቁ ያደረገው ሁለተኛውን ነው።

እንግዲህ እዚያ በሩ ሲዘጋ ወደ አገር ቤት ባንክ ሄደች። አሰላ ድረስ አብሬያት ሄጃለሁ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ፣ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አዘው ነው ያነጋገሩን። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ መታወቂያዋን ጠየቃት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ስለዚህ አክስቴ በተወለደችበት አውራጃ የውጭ ዜጋ ናት። ያወጣችው ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 270/1994። ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለች፣ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ትከፍታለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ላወጡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ብድር ስትል ግን የደመወዝ ማስረጃ ተጠየቀች፤ ደመወዝ የላትም። ዋስ ተጠየቀች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የልደት ዓመቷን እያየ «ዕድሜዎ ደግሞ…» አለና አልጨረሰውም።

አክስቴ ጨረሰችለት። «ሞቴን ነው የምታስበው ልጄ? ዶላሬን እዚሁ አስቀምጣለሁ። ብሞት ከሱ ትወስዳላችሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ዝም አለ። ሐሳቡ ስላልገባው አልመሰለኝም። በቅርንጫፉ እንዲህ ያለ አገልግሎት ስላልነበረ ነው። የሚሰጣት ቅጽ አልነበረውም።

ያቺ ዓረፍተ ነገሯ ግን ከአሰላ ጢቾ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አብራኝ ነበረች። የአርሲ ደጋ ለብድር እንግዳ አይደለማ። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ የምንለው፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ያከፋፍል ነበር። ኋላ አርዱ ተብሎ ወደ ጢቾና ወደ አርባ ጉጉም ሰፋ። ጉድለቱን አልሸፍንም፤ ትራክተር የገባላቸው ባለመሬቶች ጭሰኛውን ማፈናቀላቸው የሚታወቅ ታሪክ ነው። የብድሩ ሐሳብ ግን ቀላል ነበር። ዛሬ ውሰድ፣ አዝመራ ሲደርስ ክፈል። ተስፋ የሚጣልበት ገና ያልበቀለ ስንዴ ነበር።

ያልበቀለ ስንዴ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው የዚህ አገር ሰው ያውቃል። በረዶ አለ። ውርጭ አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው። በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአርሲና በባሌ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ጠራርጎ በላው። ለቢጫ ዋግ ይበገራል የተባለው ዲገሉ ተተካ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ እሱን የግንድ ዋግ መታው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማሳው ዝገት የረጩበት መስሎ ሲቀላ አይቻለሁ። እህሉን በጣት ሲነኩት ቡናማ ብናኝ እንጂ ፍሬ የለውም። በዚያ ሁሉ አደጋ መሐል ለገበሬ ማበደር አልቀረም፣ መቅረትም የለበትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና የእርሻ ምርት ጭምር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል።

የአክስቴ ጡረታ በየወሩ የሚደርስ አዝመራ ነው። ዋግ አይመታውም፣ በረዶ አያወርደውም። ታዲያ ላልበቀለ ስንዴ ያበደረ አገር፣ ለደረሰ አዝመራ የሚያበድርበት ቅጽ እንዴት አጣ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ አለበት። የአሜሪካ ሕግ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን ራሱን ለአበዳሪ ማስያዝ ይከለክላል። ስለዚህ «ጡረታዬን ያዙና አበድሩኝ» ማለት አያዋጣም። ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ግን የባለቤቱ ነው፤ በገበሬ ቋንቋ ጎተራ ገብቷል። ጎተራ የገባውን ማስያዝ ይቻላል። አክስቴ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረበችው ይህንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥም አዲስ ገቢ ስደተኛ የመጀመሪያ ካርዱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው። 500 ዶላር ያስቀምጣል፣ 500 ዶላር የሚያበድር ካርድ ይሰጠዋል፣ በየወሩ እየከፈለ አመሉን ያሳያል። እሷም የዛሬ 28 ዓመት አሜሪካ ስትገባ በዚህ ነው የጀመረችው።

የእኛ ባንኮች ይህን ለመሥራት የጎደላቸው ነገር አይታየኝም። ለዳያስፖራው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ የቤት መሥሪያና የመኪና መግዣ ብድር የሚሰጡም አሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ገበያው ተከፍቷል፣ ዶላር ያለው ሰው ሁሉ የሚለመንበት ዘመን ነው። ያለ መያዣ ማበደርም ተጀምሯል። ቴሌብር «መላ»ና «እንደኪሴ» ይላል፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» አለው፣ ዳሸን ባንክ ደግሞ ስሙን ከሱቅ ቃል ወስዶ አገልግሎቱን «ዱቤ አለ» ብሎታል። እነዚህ በአብዛኛው የሚያዩት የሰውየውን የስልክና የሒሳብ እንቅስቃሴ ነው። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደች የ71 ዓመት ሴት እንቅስቃሴ የላትም፤ ያላት በውጭ ምንዛሪ ሒሳቧ የተቀመጠ ዶላር ነው። እሱን ይዞ ካርድ መስጠት ለባንኩ ከሁሉም ያነሰ ሥጋት ያለው ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያውጣለት፣ ባንኮች ቅጹን ያዘጋጁ፤ የምጠይቀው ይህንን ነው። ወለድ የማይነኩ ሰዎችም ሊረሱ አይገባም። አርሲ ውስጥ ብዙ ሙስሊም አረጋዊ አለ፤ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ደግሞ በየባንኩ መስኮት ተከፍቶለታል። ካርዱ ከመጀመሪያው ለእነሱም በሚሆን መልኩ ይሠራ።

ዕዳ ያስፈራል የሚሉኝን እሰማለሁ። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ በካርድ ዕዳ ተቆራምደው አይቻለሁ። በተቀማጭ ልክ የተገደበ ካርድ ግን ከጎተራው በላይ አያበላም።

ገና ውጭ ላላችሁና ለመመለስ ለምታስቡ እህት ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። ካርዳችሁን እዚያ ሳላችሁ፣ ደመወዝ እየገባ ሳለ አውጡ፤ ከወጣችሁ በኋላ አዲስ ማግኘት ጭንቅ ነው። አንድ ብቻ አትያዙ። በውጭ አገር ክፍያ ላይ ተጨማሪ የማያስከፍለውን ምረጡ። ውጭ ለሚኖር ደንበኛ የሚያገለግል ባንክ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁና ሒሳባችሁን ወደዚያ አዙሩ። የወንድማችሁን ልጅ አድራሻ የራሳችሁ መኖሪያ ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ ሲታወቅ ሒሳቡን ሊዘጉት ይችላሉ፣ ያውም በጨነቃችሁ ቀን። ስልካችሁንም አስቡበት። ባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በአሜሪካው ስልክ ነው፤ ያ ስልክ ጢቾ ላይ ዝም ካለ ካርዱም ዝም አለ።

የአክስቴን ነገር ለጊዜው የፈታችው አሜሪካ ያለችው ልጇ ናት። ሌላ ባንክ አግኝታ፣ እናቷ ኢትዮጵያ እንደምትኖር በግልጽ ተናግራ፣ በራሷ ሒሳብ ላይ እናቷን ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጋ አስመዘገበቻት። ካርዱ በፖስታ አልመጣም። ሜሪላንድ ከሚኖር የአገራችን ሰው እጅ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ በሻንጣ ነው አዲስ አበባ የደረሰው፤ ከዚያ በአሰላ አውቶቡስ፣ ከአሰላ በሚኒባስ ጢቾ። ሊከፈት ሲል የማረጋገጫው ቁጥር ወደ ልጇ ስልክ ሄደ። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ልጇ ከእንቅልፏ ተነሥታ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበች ነገረቻት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ጻፈች።

ሲሠራ አልተደሰተችም። «ይኼ እኮ የልጄ ዕዳ ነው» አለችኝ። «እኔ በስሜ ነበር የምበደረው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄዳ ሒሳቧን ዘጋች። ባለሱቁ «አዳዳ አሜሪካ» በሚለው ገጽ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰመረ፤ ከዚያ ቅጠሉን ገልብጦ በንጹሑ ገጽ ራስጌ ላይ ስሟን እንደገና ጻፈ። ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛት ነበር። አላወጣቻትም።