ፋቂ ነኝ!

አንድ ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ ላጲስ በምላጭ እፈለፍላለሁ። ለእናቴ በምልከው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የማትመውን የገብስ ዛላ መቅረጼ ነበር። አንዱ ወንድማችን ከአልጋው ብድግ አለና «አንተ ፋቂ! ዲግሪ ልትይዝ መጥተህ ጎማ ትፍቃለህ?» አለኝ። ዶርሙ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጎበዝ፣ እስቲ እንጠያየቅ! የፍየል ቆዳ ተወጥሮ ካልተፋቀ ብራና ይሆናል ወይ? ብራና ከሌለስ ያ የምንኮራበት መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

ዓፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ደጋችን ላይ፣ መቅደላ አምባ፣ የብራና መጻሕፍት አከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ፤ የእንግሊዝ ጦርም አምባውን ዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። «ይመለሱልን!» እንላለን። እሰየው፣ ይመለሱ! ግን መጽሐፉን ያበጀውን እጅ «ፋቂ» እያልን የምንሰድብ ሰዎች፣ ቢመለስስ ምን ፊት ይዘን ነው የምንቀበለው? መጽሐፉን እንግሊዝ ወሰደው፤ እጁን የናቅነው ግን እኛው ነን።

ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ይኸው መቶ ዓመት አለፈው፤ አዋጁ ዶርማችን ገና አልደረሰም!

«ምን ያደክምሃል? ካርድ ከሱቅ ይገዛል» የሚሉኝም አሉ። ይገዛል እንጂ! ያላየነውን አገር ጽጌረዳ ገዝተን፣ ከሥሩ ስማችንን ፈርመን እንልካለን። ታዲያ ያ ካርድ ስለ ላኪው ምን ይናገራል? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብዳቤዬን ሰው ነው የሚያነብላት። የገብሱን ዛላ ግን ራሷ አነበበችው። ደግሞስ በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ ስለን በየጎረቤቱ ስናዞር መች አፈርን? ማፈር የጀመርነው ተማርን ካልን ወዲህ ነው።

«ሊኖ የፈረንጅ ነው» ባይም አይጠፋም። ይስማኝ! ሊኖሌዩም እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ከመቅደላ ዘረፋ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የወለል ንጣፍ ነው። ሠዓሊዎች ኋላ ነው መቅረጫ ያደረጉት። ዋናው ነገሩ ምን መሰላችሁ? የተልባ ዘይት! የድሮ አውሮፓውያን አታሚዎች ቀለምም ቢሆን ጥላሸትና የተቀቀለ የተልባ ዘይት ነበር። እኛ ተልባውን እናበቅላለን፣ እንጠጣለን፤ ወደ ኅትመት ሲመጣ ግን የባዕድ ነው ብለን እንሸሻለን።

ሥራው ምሥጢር የለውም። ሊኖ ከጠፋ ላጲስ ይበቃል። ሥዕሉን ንደፍ፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትሻውን ፈልፍለህ አውጣ፤ ቀለም የሚይዘው ጎልቶ የቀረው ነው። ፊደል ካለበት ገልብጠህ ቅረጽ፣ አለዚያ ሲታተም ዞሮ ያፍርብሃል። ምላጩ ላጲሱን ከያዘው እጅህ ወደ ውጭ ይሂድ እንጂ ወደ እጅህ አይምጣ። ቀለሙን መስታወት ላይ ስስ አድርገህ ዘርጋ፤ ቅርጹን ቀባ፤ ወረቀቱን አልብሰህ በማንኪያ ጀርባ እሸው። ከአንድ ላጲስ የጓደኛህ ሁሉ ደብዳቤና ፖስታ ይወጣል።

የመጪው እንቁጣጣሽ ካርዳችን እንግዲህ ከሱቅ አይሁን፣ ከእጃችን ይሁን! የሳቅክብኝ ወንድሜ፣ ስድብህን በደስታ ተቀብያለሁ። አዎ፣ ፋቂ ነኝ! አንተስ፣ የምን ሠሪ ነህ?