ዛፉ ላይ ያሉት ነዋሪዎችም ይቆጠሩልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
የመናፈሻ፣ የወንዝ ዳርቻና የአረንጓዴ ልማት ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የቀበና ወንዝ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ለወቀሳ አለመነሣቴን አስቀድሜ ልናገር። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንደማንኛውም ሰው ጉድጓድ ቆፍሬ ችግኝ ተክያለሁ፤ እንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ወንዞቻችንን ከቆሻሻ መጣያነት ለማውጣት የተያዘውን ሥራ እደግፋለሁ። የተነሣሁት ለማማለድ ነው፤ ስለ ችግኝ ብዛት ሲነገር ስማቸው እምብዛም ለማይነሣ ጎረቤቶቼ።

ሰፈራችን ገና ጎህ ሳይቀድ የሚሰማው አንድ ጩኸት አለ፤ ጎርናና፣ አንዱ ለሌላው የሚቀባበለው። ረጅም ጎባጣ መንቆር ያላቸው፣ ከጉሮሯቸው ሥር የቆዳ እንጥልጥል የወረደላቸው፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ጣል ያለባቸው ትልልቅ ጠቆር ያሉ ወፎች ከማደሪያቸው ተነሥተው ወደ ሣር ሲሄዱ ነው። እርጥብ መስክ ላይ መንቆራቸውን እስከ ሥሩ እየነከሩ ትልና እጭ ሲለቅሙ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር ሌላ አገር የላቸውም። ፈረንጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እነሱን ሊያይ ይመጣል። እኛ በነፃ፣ አልጋችን ላይ ተኝተን እንሰማቸዋለን፤ እንቅልፍ ሲያሳጡንም እንረግማቸዋለን።

ሌሎችም አሉ። ማጅራቷ ላይ ነጭ ሰረዝ ያላት፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና የፎቅ ጠርዝ የምትወደው ርግብ እንዲሁ የኛና የኤርትራ ብቻ ናት። ሥጋ ቤት ደጃፍ የማይጠፋው፣ ከኋላው ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው ወፍራም መንቆር ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይታይም። ኮርች ቀይ አበባውን ሲያወጣ የአበባ ማር ለመምጠጥ የሚመጡት፣ ስማቸውን ከተከዜ የወሰዱት ትንንሽ ወፎችስ? ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ይህ ሁሉ ብሔራዊ ፓርክ ሳይኬድ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቀና ማለት ለቻለ ሰው የተሰጠ ነው።

ከሁሉም ግን ስለ አንዷ ትንሽ በቀቀን ላጫውታችሁ፤ ልመናዬ ከእሷ ስለሚጀምር። ከድንቢጥ ጥቂት ትበልጣለች። ቅጠልያ ናት፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ሲሆን ክንፏን ስትዘረጋ ከውስጥ ጥቁር ይታያል። ሾላ ላይ ካረፈች ከቅጠሉ ለይቶ ማየት ይቸግራል፤ መኖሯ የሚታወቀው ፍሬው ተፈልፍሎ ልጣጩ ታች ሲንጠባጠብ ነው። እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ናት። ዓመቱን ሙሉ፣ ጫጩት ባይኖራትም እንኳ፣ ማታ ማታ የምታድረው በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ፍልፍሉን ራሷ አትሠራም። ወይ ግንደ ቆርቁር የተወው ነው፣ ወይ አሮጌ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የበሰበሰበት ቦታ ነው። ችግኝ ፍልፍል የለውም። የዛሬ ዓመት የተተከለውም አይኖረውም።

እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። በከተማችን ዛፍ የሚቆረጥበት የተለመደ ምክንያት «አርጅቷል» ወይም «ውስጡ ባዶ ነው» የሚል ነው። መንገድ ላይ ሊወድቅ የተቃረበ ዛፍ ይቆረጥ፤ በሰው ሕይወት ቀልድ የለም። ወንዝ ዳር ማንም በማያልፍበት የቆመው፣ ቅርንጫፉ ቢወርድ ሣር ላይ የሚያርፈው ግን ለምን? የአንድን አሮጌ ወይራ ውስጥ ባዶ ያደረገው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ ይበልጣል። በምትኩ አሥር ችግኝ ተተክሏል ሲባል ሒሳቡ ለኛ ልክ ሊመስል ይችላል፤ ለበቀቀኗ የዛሬ ማታ ማደሪያ አይሆናትም። ስለዚህ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት አንድ ባለሙያ ዛፉን ዞሮ ይየው፤ ፍልፍልና ጎጆ መኖር አለመኖሩን ይመዝግብ። የመቁረጫ ፈቃዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

የምንተክለውንም እንነጋገርበት። ዘንባባን አልጠላም፤ ለሆሳዕናም ይሆነናል። መጤ ዛፍን ሁሉ የምኮንን ሰውም አይደለሁም። ማገዶ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ባሰቡበት ጊዜ አዲስ አበባን ያቆያት ባህር ዛፍ ነው፤ ጭላትና ጥንብ አንሳም ዛሬ ድረስ ረጃጅሙን ባህር ዛፍ መርጠው ያድሩበታል። ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ጌጠኛ ዛፍ የተሞላ መንገድ ለዓይን እንጂ ለሆድ አይሆንም። ሾላ እኮ ሌላ ነገር ነው። አበባው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ዘሩ የሚያዘው ውስጡ በሚኖሩ ደቃቅ ተርቦች ነው። ዛፎቹም ሁሉ በአንድ ወር አያፈሩም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ሌላው ፍሬ በጠፋበት ወቅት ወፉን የሚይዘው እሱ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮርች እንዲሁ ባለውለታ ናቸው። ችግኙን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ከተማው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር መሬት ይዞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የትኛው አገር በቀል ዛፍ የት ሰፈር እንደሚበጅ የሚነግሯችሁ ሰዎች እዚያ አሉ።

ስለ መብራቱ ደግሞ አጭር ልበል። ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ መብራት የተጠመጠመበት ዛፍ ለፎቶ ያምራል፤ ለሚያድርበት ወፍ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀን ነው። የእግረኛው መንገድ ይብራ፤ ሴት እህቶቻችን ያለ ስጋት ይለፉ። ዛፉ ግን ይጨልም። የሣሩ ነገርም ተመሳሳይ ነው፦ በየሳምንቱ እስከ ሥሩ የሚታጨድ፣ መድኃኒት የሚረጭበት ሣር ትል አይኖረውም፤ ትል ከሌለ እነዚያ ጎባጣ መንቆሮችም አይመጡም። የየመናፈሻው አንድ ጥግ፣ በተለይ ወደ ወንዙ ያለው፣ ሳይታጨድ ቢቀር «ሥራ አልተሠራም» እንዳይባል አንድ ጽሑፍ ይሰቀልበት፤ ሰው ይረዳል።

ስለ ጅብ ባላነሣ ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም። ጎዳና ላይ ሕፃን ታቅፎ የሚያድር ሰው ጅብን ውደድ ተብሎ አይለመንም፤ እኔም አልለምንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ቅሪት ከከተማው እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት እንደሚረዱ አሳይቷል። ቀን ቀን ይህን ሥራ የሚሠራው ጥንብ አንሳ ነው። ቄራ አካባቢ ሲዞር የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ጭንቅላቱ የተላጨ የሚመስለው፣ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተመድቧል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መግደል በየትኛውም ክፍለ ከተማ እንዳይፈቀድ የምለምነው ለዚህ ነው፤ የተመረዘውን ሬሳ የበላ ጥንብ አንሳ አብሮ ይሞታል። ክትባትና ማምከን ይዘገያሉ እንጂ የሚሻሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ከወፉ ወደ ሰው ልምጣ። ተፈጥሮን መውደድ የሚቻለው ቆሞ ማየት ሲፈቀድ ነው። የትኛው መናፈሻ እንደሆነ አልናገርም፤ ሁለት የኮሌጅ ልጆች ባይኖኩላር ይዘው ዛፍ ላይ ሲያተኩሩ ጥበቃው መጡ።

«ምንድን ነው የምታዩት? ፈቃድ አላችሁ?»

«ወፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ወፍ ደግሞ ምኑ ይታያል?»

አንደኛው ባይኖኩላሩን አውልቆ ሰጣቸው። ጋሼ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ቶሎም አልመለሱትም። ይህን የምናገረው ጥበቃውን ለማማት አይደለም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። የትዕዛዙ ወረቀት ላይ «ወፍ ማየት አይከለከልም» የሚል ቢጨመር ግን ለእሳቸውም ለልጆቹም እፎይታ ነው። ሣር ላይ መቀመጥን፣ ለራስ በስልክ ፎቶ ማንሣትን፣ ወንዝ ዳር ዝም ብሎ መቆምንም እንዲሁ። በየመናፈሻው መግቢያ የዋጋ ዝርዝር ይሰቀላል፤ ከጎኑ የዚያ ግቢ ወፎችና ዛፎች ሥዕል ከነስማቸው ቢሰቀልስ? ሥዕሉንና ስሙን ለማዘጋጀት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለላችሁ። በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያላቸው ልጆችም ቆጠራውን በደስታ ያግዛሉ፤ ተማሪ ቅዳሜ ጠዋት የሚሄድበት ነፃ ቦታ ሲያጣ የት እንደሚውል ታውቃላችሁ።

እኛም ባዶ እጃችንን አንለምንም። የሰፈራችን ዕድር አባላት ወንዙን ተከትለው የቆሙትን አሮጌ ዛፎች አንድ በአንድ እየመዘገብን ነው፤ የትኛው ፍልፍል እንዳለው፣ የትኛው እንደሚያፈራ፣ የትኛው በእርግጥ አደገኛ ሆኖ መቆረጥ እንዳለበት ጭምር። ዝርዝሩን ለወረዳችን እናስገባለን፤ ግልባጩም ለእናንተ ይደርሳችኋል። እስከዚያው አንድ ባለሙያ ላኩልን። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ወፉ የሚታየው ያኔ ነው፤ ቡናውም ያኔ ይደርሳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቀበና ነዋሪ