«ቫይረሱን ገደለ» ሲባል፦ የምችና የአልማዝ ባለጭራ አዳዲስ መድኃኒቶች

እንጦጦ ዛሬ በፓርኩ ቢታወቅም፣ ሕመምተኛ ከነቤተሰቡ ለፀበል የሚወጣበት ተራራ ሆኖ ኖሯል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ፀበልና ቅጠል ሲሞክር ቀናት ያልፋሉ። አሁን ደግሞ «ሄርፒስን የሚገድል ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ተገኘ» የሚሉ ዜናዎች ይሰማሉ። ይህ ለታካሚው ምን ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ምች የምንለው የከንፈር ቁስለት መንስኤው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ደግሞ ጉድፍ የሚያስወጣው የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ ነው። ሁለቱም ከነርቭ ውስጥ ተደብቀው ይቆዩና የሰውነት የመከላከል አቅም ሲደክም ይነሳሉ።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ተመራማሪዎች በሳህን ላይ ያሳደጓቸውን ሕዋሳት በቫይረሱ ይበክላሉ፤ ከዚያም ንጥረ ነገሩን በተለያየ መጠን ይጨምራሉ። ቫይረሱ ያደረሰው ጉዳት በግማሽ የሚቀንስበት መጠን ይመዘገባል። ቀጥሎ ንጥረ ነገሩ ራሱ ሕዋሳቱን በስንት መጠን እንደሚገድል ይለካል። በሁለቱ መጠኖች መካከል ሰፊ ርቀት ከሌለ ነገሩ መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው።

በአገራችንም ይህ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ለቆዳ ሕመም የሚውሉ የኢትዮጵያ ዕፅዋትን በሄርፒስ ሲምፕሌክስና በሌሎች ቫይረሶች ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከተፈተኑት አንዱ ምረንዝ ነው። ምረንዝ ግን ልብን የሚያቆም፣ ለቀስት መርዝነት ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። ስለዚህ በሳህን ላይ የታየ ውጤት ብቻውን ለመጠጣትም ሆነ ለመቀባት ፈቃድ አይሰጥም።

አዲሶቹ መድኃኒቶች

ነባሩ አሲክሎቪር የቫይረሱን ዘረመል መባዛት ያቋርጣል፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን በቫይረሱ በራሱ ኢንዛይም ተቀስቅሶ ነው። ኢንዛይሙ ከተለወጠ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው የመከላከል አቅማቸው በጣም በተዳከመ ሰዎች ላይ ነው። አመናሜቪርና ፕሪተሊቪር የሚያጠቁት ሌላ የቫይረሱን ክፍል ነው። አመናሜቪር በ2017 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለአልማዝ ባለጭራ ተፈቅዷል። ፕሪተሊቪር አሲክሎቪር በማይበግረው ሄርፒስ ላይ እስከ ሦስተኛ ደረጃ የሰው ሙከራ ደርሷል። ይሁን እንጂ ከነርቭ የተደበቀውን ቫይረስ ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ

አልማዝ ባለጭራ ከወጣ ሕክምናው ይበልጥ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሽፍታው በዓይን አካባቢ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የዓይን ብርሃን ሊጎዳ ይችላል። በወጣት ላይ ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርጉ። ፀበል መጠመቅ ክኒን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ እንጦጦ ላይ ለኤችአይቪ ታካሚዎችም የተሰጠው ምክር ይኸው ነበር። ቁስሉ ላይ የተወቀጠ ቅጠል አይለጥፉ፤ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።

አዲሱ መድኃኒት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አሲክሎቪር ዛሬም ለአብዛኛው ታካሚ ይሠራል፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።