ሳይቃጠል በቅጠል

በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአቶሚክ መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚፃረርና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አወጀ። ውሳኔውን ካቀረቡት መካከል ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 መንግሥታት ሲደግፉት 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። ቦምብ የሌላት ድኻ አገር ቦምብ የታጠቁትን ደፍራ መናገሯ እስከ ዛሬ ያኮራናል።

ነገር ግን ኩራት ብቻውን አይበቃም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አገራችን የኒውክሊየር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ለመሥራት ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈራርማለች። ለገበሬው ጎጆም ሆነ ለፋብሪካው ኃይል እንደሚያስፈልግ አንክድም። ሆኖም «ቦምብ ሌላ፥ ማመንጫ ሌላ» ብሎ መተኛት አይቻልም።

ምክንያቱን ከዩክሬን እንማር። ስድስት ሪአክተሮች ያሉት የዛፖሪዢያ ማመንጫ በአውሮፓ ትልቁ ነው። የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ተዋግቶ ያዘው። ሪአክተር እንደ ምድጃ እንጨቱን ስላወጡለት ወዲያው አይበርድም። ከቆመ በኋላም ነዳጁ ይግላልና ውሃ ሳያቋርጥ ሊዞርበት ይገባል፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሻል። በዛፖሪዢያ ከውጭ የሚመጣው መስመር በጦርነቱ ደጋግሞ ተቋርጦ ማመንጫው በናፍጣ ጄኔሬተር ተርፏል። በጃፓን አገር በፉኩሺማ ግን በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የባሕር ማዕበል ጄኔሬተሮቹን ስላጥለቀለቃቸው የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። እንግዲህ መስመሩን ቆርጦ ጄኔሬተሩን የመታ ጠላት አቶሚክ ቦምብ ምን ያደርግለታል?

እኛ ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። መስመር ተቆርጦ ከተማ በጨለማ ሲያድር በዘመናችን አይተናል። ስለዚህ እንጠይቃለን፤ ማመንጫው የት ይተከላል? ማን ይጠብቀዋል? መስመሩ ቢቋረጥ ስንት ቀን ይቋቋማል? ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ ከሚያሠራው ክፍል ትእዛዝ ነጻ ይሆናልን?

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነገሩን አጥንታችሁ በአዳራሻችን አስረዱን፤ የሕግ ተማሪዎችም ሕጉን መርምሩልን። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ብንጮኽ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሰኝብናል። በ1954 ዓ.ም. ዓለምን የጠየቀች አገር፥ ዛሬ የገዛ ልጆቿ ሲጠይቋት መልስ ልትነፍጋቸው አይገባትም።