የመኪናችን ድምፅ ማጉያ ሲደክም


በአገራችን ጎዳናዎች ከሚሽከረከሩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ካገለገሉ በኋላ ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ሞተራቸው በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ይሠራል፤ በበራቸው ውስጥ የተገጠመው ድምፅ ማጉያ፣ በተለምዶ ስፒከር የምንለው፣ ግን ቀድሞ ይደክማል። ዜናውም ዘፈኑም ይሻክራል። ባለንብረቱም አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረምር ከወር ደመወዙ ቀንሶ ወደ ገበያ ይሮጣል። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ስለሆነም ባልና ሚስት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያደርጉት ስለሚገባው ምርመራ በዚህ አምድ እንነጋገራለን።

በቅድሚያ የዕቃውን አሠራር እንመልከት። ከኋላው ማግኔት፣ በማግኔቱ መካከል ስስ የሽቦ ጥቅል፣ ከፊቱም ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሾጣጣ ገጽ አለው። ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ሲያልፍ ጥቅሉ ይርገበገባል፤ ገጹም አብሮት ተርገብግቦ አየሩን ይገፋል። ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ያስተዋወቁት ይህ አሠራር በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ገጹን ከብረት አቃፊው ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ከስፖንጅ ወይም ከጎማ ይሠራል። ስፖንጁ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይፈረፈራል፤ ጎማው የተሻለ ዕድሜ አለው። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ይህ ቀለበት ብቻ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ድምፁን ወደ አንድ በር ብቻ በማድረግ የታመመውን እንለያለን። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ጥፋቱ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልሆነ የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፈትተን የበሩን ሽፋን በጥንቃቄ እናወጣለን። ገጹን በጣቶቻችን ጫፍ ከዙሪያው እኩል ስንጫነው የመፋቅ ድምፅ ከሰማን ጥቅሉ ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ነው፤ መለወጥ ይሻላል። ባለ 4 ኦም ማጉያ በቴስተር ሲለካ ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል።

ገጹ ሳይቀደድ ቀለበቱ ብቻ ከተፈረፈረ ግን ልኩ የሆነ አዲስ ቀለበት ይበቃዋል። የአሮጌው ትራፊ ተፍቆ ይጸዳል፤ ሲደርቅ በማይደነድን ሙጫ አዲሱ ይለጠፋል፤ ገጹ መሐሉን ጠብቆ መቀመጡ ይረጋገጣል፤ ዙሪያውም በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ አንድ ቀን ይደርቃል። ይህ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነውና፣ ከሁለቱ የማን እጅ እንደሚረጋ ቤተሰቡ ያውቀዋል።

መለወጥ ግድ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ፤ ማግኔቱ ረዘም ካለ የሚወርደውን መስታወት ይገታል። ሁለተኛ፣ ኦሙ፤ በ4 ኦም ምትክ 2 ኦም ቢገጠም ቴፑ እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ይገደዳልና ሊቃጠል ይችላል። በርካሽ የተገዛው ማጉያ ውዱን ቴፕ ይዞ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ፖዘቲቭና ነጌቲቩ፤ በአንዱ በር ከተገለበጠ የሁለቱ ማጉያዎች ወፍራም ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ምልክቱ ካልታወቀ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ይነካ፤ ገጹ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው።

ሽፋኑን ስንመልስ ከበስተኋላው ያለውን ላስቲክ ቀድደን አንጣል። የዝናብ ውኃ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፤ በታችኛው ቀዳዳም ይወጣል። ላስቲኩ ከሌለ ወይም ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ አዲሱም ማጉያ ክረምቱን አይሻገርም።

ይህ ሁሉ ስለ ግል መኪና መሆኑ አይዘንጋ፤ የመንግሥት ተሽከርካሪ በጥገና ክፍል እንጂ በግል እጅ አይፈታም። በቤታችን መኪና ግን የአንድ ቀን ትዕግሥት፣ ለአዲስ ዕቃ ሊወጣ የነበረውን ብር ለልጆች ደብተርና ጫማ ሊያተርፍልን ይችላል።