ወጣ እንጂ አልገባም!

በስልካችን ቢል መክፈል ከጀመርን ወዲህ አንድ አዲስ መልስ ለምደናል፦ «አልገባም»። ገንዘቡ ከሂሳባችሁ ወጥቷል። የግብይት ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ሳይቀር የተጻፈበት መልእክት ደርሷችኋል። ቢል ላኪው ዘንድ ግን አልገባም። ታዲያ የት ሄደ? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

ነገሩ ተአምር የለውም። ስንከፍል ገንዘቡ መጀመሪያ ከእኛ ሂሳብ ይቀነሳል። ከዚያ የባንኩ ሲስተም ለቢል ላኪው ሲስተም «እገሊት ከፍላለች» ብሎ መንገር አለበት። መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወሬው መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ሂሳብ እስኪያስታርቁ ቀናት ያልፋሉ።

ይሁን፣ ይህ ያጋጥማል። የማይገባኝ ቅጣቱ ነው። እኔ የመጨረሻው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከፍዬ፣ በቀጣዩ ወር ቢል ላይ የመዘግየት ቅጣት ተደምሮ መጣልኝ። ቢል ላኪው ጋ ስሄድ «ከባንክሽ ጋር ጨርሺ» ተባልኩ። ባንኩ ደግሞ «እኛ አስተላልፈናል» አለ። ደረሰኜ የአህያ ባል ሆነና ከጅብ ሳያስጥለኝ ቀረ። ቅጣቱ ለክርክር ከማወጣው የታክሲ ሂሳብ ስለሚያንስ ከፍዬ ዝም አልኩ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ትንሽ ስለሆነ ማንም አይከራከርም፤ ማንም ስለማይከራከር ማንም አያስተካክለውም።

«ሲስተም ነው፣ ምን ይደረግ» የሚሉን ግን አይሸውዱን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ሌሊቱን የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ለይቶ «መልሱ» አለ፤ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ ለጠፈ። ገንዘቡን መጠየቁ ተገቢ ነበር። ግን ሲፈለግ እያንዳንዷ ብር መቼ ከማን ሂሳብ እንደወጣች እንደሚታወቅ አየን። ታዲያ እኛ የከፈልንበት ሰዓት ምነው ተሰወረ?

አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1741 ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም እሱ እንዲቀበልለት ሥልጣን ለሰጠው ሰው እንደሚፈጸም ይደነግጋል። ቢል ላኪው «በዚህ ባንክ፣ በዚህ አፕ ክፈሉ» ብሎ ግድግዳው ላይ ከለጠፈ፣ ተቀበሉልኝ ማለቱ አይደል? እንግዲያው ለባንኩ የከፈልነው ለእሱ የከፈልነው ነው። የሚቀረው የሁለቱ የእርስ በርስ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የክፍያ ቀን መባል ያለበት ገንዘቡ ከሂሳባችን የወጣበት ቀን ነው። ቅጣት ከመጫኑ በፊት ያልታረቀ ክፍያ መኖሩ ይጣራ። ያለአግባብ የተቀጣም ደጅ ሳይጠና በቀጣዩ ቢል ይታሰብለት።

ባንክ ቤት ተሰልፈን ስንከፍል ሰልፉ ቢያማርረንም ደረሰኙ ላይ የተመታውን ማህተም የሚክድ አልነበረም። እስኪስተካከል ድረስ መልእክቷን ከስልካችሁ እንዳታጠፏት። ቸር ይግጠመን!